ፍሪጁ አይደለም

ኤልያን ራዲግ የምትባል ፈረንሳዊት የሙዚቃ ደራሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ ኤአርፒ 2500 የተባለ ሲንተሳይዘር ገዛች። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ በዚህ የተነሳ ኋላ ላይ ጣጣ ይመጣል።) ማሽኑ ቁም ሣጥን የሚያክል፣ ፊቱ በሙሉ በሚዞሩና በሚንሸራተቱ ቁልፎች የተሞላ ነው። ወደ ፓሪስ ስትመለስ ታዲያ ማሽኑን አስጭና ኪቦርዱን እዚያው ኒው ዮርክ ትታው ሄደች። ረስታው አይደለም። ኪቦርድ ፊት ለፊት ካለ ጣት አያርፍም፣ ጣት ካላረፈ ዜማ ይመጣል፣ ዜማ ከመጣ ደግሞ እሷ የምትፈልገው ነገር ይሸሻል። እኔ ይህን ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣው የጉምሩኩ ሰው ነው። ኪቦርድ የሌለው ኪቦርድ ምን ተብሎ ይቀረጣል?

በዚያ ማሽን ከሠራቻቸው ሥራዎች በጣም የታወቀው "ትሪሎዢ ደ ላ ሞር" ይባላል። ስለ ሞት የተሠራ ነው፤ ሦስት ክፍል አለው። "ክየማ" በ1988፣ "ካይላሻ" በ1991፣ "ኩሜ" በ1993 አለቁ። እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ገደማ ናቸው፤ ሦስቱ ሲደመሩ ሦስት ሰዓት ሊሞሉ ጥቂት ደቂቃ ይቀራቸዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ከበሮ የለም፣ ዘፋኝ የለም፣ "እስቲ ያቺን ቦታ ድገማት" የሚባልላት ቦታም የለችም። አንድ ድምፅ ይመጣል። ይቆያል። እሱ ሲቆይ ከሥሩ ሌላ ድምፅ ገብቷል፤ መቼ እንደገባ ግን ያየው የለም። የመጀመሪያው መሄዱንም የምታውቁት ከሄደ በኋላ ነው። ፈረንጆቹ ለእንዲህ ዓይነቱ ሙዚቃ ያወጡለት ስም ዛሬ በእኛ አገር ከሰማይ የሚመጣ ሌላ ነገር ስለሚያስታውስ፣ እኔ ቤት ውስጥ አልጠራውም። "ረጅሙ ሙዚቃ" ብዬ ነው የማልፈው።

አልበሙን በፍላሽ ያመጣልኝ ጓደኛዬ ሦስት ነገር አዘዘኝ፤ በጥሩ ስፒከር፣ በጨለማ፣ ብቻህን። ጥሩ ስፒከር ከራሱ ተዋስኩ። ጨለማም በሰፈራችን ብርቅ አይደለም፤ ችግሩ ጨለማው ሲመጣ ስፒከሩም አብሮ መጥፋቱ ነው። "ብቻህን" የሚለው ግን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና ለዓይን ሕክምና ከደብረ ብርሃን የመጡት አማቴ ባሉበት ቤት ከምኞት አያልፍም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳሎኑን መጋረጃ ስቤ፣ ሶፋው ላይ ቀጥ ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ።

አበሻ ቤት ውስጥ አንድ ጎልማሳ ወንድ በጠራራ ፀሐይ ዓይኑን ጨፍኖ ከተቀመጠ ምክንያቱ ከሦስት አያልፍም። ይጸልያል፣ ይተኛል፣ ወይም አንድ ነገር ሆኗል። ጸሎት ከሆነ ቆሞ ነው የሚጸለየው። ለመተኛት መኝታ ቤት አለ። ልጄ በጣቷ ቆጥራ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ "እማዬ! አባዬ አንድ ነገር ሆኗል!" እያለች ወደ ጓዳ ሮጠች። ብዙም ሳይቆይ የዳማከሴ ሽታ አፍንጫዬ ሥር ደረሰ። አማቴ ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው ቆመዋል።

"ምች ነው የመታህ ልጄ፤ ፀሐይ ላይ ምን በልተህ ነው?"

"ደህና ነኝ እማማ፤ ሙዚቃ እየሰማሁ ነው።"

ዙሪያውን ተመለከቱ። "የቱን?"

በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሌላ ምርመራ ጀምራለች። ፍሪጁን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ጆሮዋን ለጠፈችበት፣ ከኋላው ገብታ ነቀለችው። ስታቢላይዘሩንም ነቀለችው። ከዚያ ራሷን በበሩ ብቅ አድርጋ፣ "ይገርምሃል፣ ፍሪጁን ነቅዬውም ይጮኻል። ግን ተለውጧል" አለችኝ።

ይህችን "ግን ተለውጧል" የምትለውን ነገር እባካችሁ ያዙልኝ። የፍሪጅ ማጉረምረም ከመብራቱ ጋር የተያያዘ ነው። የእኛ አገር መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ትራንስፎርመሩም ስታቢላይዘሩም የፍሪጁ ሞተርም ባብዛኛው በሰከንድ 100 ጊዜ እየተርገበገቡ ነው የሚያጉረመርሙት። አሁን አጠገባቸው በሰከንድ 101 ጊዜ የሚርገበገብ ሌላ ድምፅ አስቀምጡ። ሁለቱ ድምፆች በየሰከንዱ አንዴ ይተቃቀፋሉ፣ አንዴ ይገፋፋሉ፤ ለጆሮ የሚደርሰው ው… ው… ው… የሚል ሞገድ ይሆናል። ማንም ያልመታው ምት ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ ምቱ ይፈጥናል፣ ሲጠብ ይዘገያል፣ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ይጠፋል። የራዲግ ጥበብ አብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ድምፆችን ትንሽ አዛንፋ ታስቀምጥና በመካከላቸው የሚሆነውን ትጠብቃለች፤ ቁልፏን ስታዞርም በፀጉር ልክ ነው። እና እኛ ሳሎን ውስጥ የእሷ ድምፅና የፍሪጃችን ድምፅ ተገናኝተው የራሳቸውን ምት ይመቱ ነበር። ባለቤቴ ሶኬቱን ስትነቅል ያ ምት ቆመ። እሷ ሰማችው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ፊቴን አሳምሬ፣ ከራሴ ጋር ታርቄ ስለነበር አልሰማሁትም።

ይህን ሙዚቃ በየቦታው "ዘና የሚያደርግ"፣ "ከጭንቀት የሚያላቅቅ" እያሉ ነው የሚሸጡት። እኔ አልስማማም። ዘና ያለ ሰው አይሰማውም። የሚሰማው አንድ ነገር ተበላሽቷል ብሎ የጠረጠረ፣ ዕቃው ስንት ብር እንደተገዛ የሚያውቅ፣ በልቡ የጠጋኝ ሒሳብ መደመር የጀመረ ሰው ነው። በቤታችን እንዲህ ያለ ጆሮ ሞልቷል።

ራዲግም ብትሆን ትምህርቷን የጀመረችው ከማያስደስት ድምፅ ነው። በ1932 ፓሪስ ተወልዳ፣ አግብታ ኒስ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ስትኖር፣ የሚያርፉትንና የሚነሡትን አውሮፕላኖች ድምፅ እየለየች ታዳምጥ ነበር። ቦሌ አካባቢ የሚኖሩ ዘመዶች አሉኝ፤ እነሱ በአውሮፕላን ድምፅ የሚያውቁት የቴሌቪዥኑን ድምፅ መቼ መጨመር እንዳለባቸው ነው። ኋላም የሙዚቃ ደራሲዎቹ ፒዬር ሼፈርና ፒዬር ኦንሪ ዘንድ ገብታ ቴፕ መቁረጥና መቀጠል ተማረች። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ማይክሮፎን ወደ ስፒከር ሲጠጋ የሚወጣውን ጩኸት መግራት ያዘች። የሠርግ ድንኳን ውስጥ ማይኩ ስፒከሩ ፊት ሲያልፍ ሚዜዎቹን ሁሉ ጆሮ የሚያስይዘውን ያንኑ ጩኸት ማለቴ ነው። እሷ ግን ማይኩን ሳብ፣ ጠጋ፣ ሳብ እያደረገች፣ ጩኸቱ ሊጀምር ሲል ጫፉ ላይ ታቆመዋለች። ከኤአርፒው ጋር ደግሞ ሥራው የወራት ሆነ። ድምፆቹን በየቴፑ ትቀዳና መጨረሻ ላይ የሰዓት መቁጠሪያ ይዛ፣ አንዱን እያወጣች ሌላውን እያስገባች፣ አንዱን ሰዓት ሳታቋርጥ በአንድ ትንፋሽ ትቀላቅለዋለች። ሃምሳኛው ደቂቃ ላይ እጅ ከተሳሳተ ከመጀመሪያው ነው እንደገና።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ድምፁ ሳይሆን የደረሰባቸው ሐሳብ ነው ወደ ላይ ያወጣቸው። በራችንን አንኳኩተው፣ ሰላምታውን በወጉ አድርሰው፣ የአማቴን ዓይን ጠይቀው፣ ቡና እንዳይፈላ ለምነው፣ ቡናው ሲፈላ ተቀምጠው፣ ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

"ፓምፑን መቼ ነው ያስገጠማችሁት?"

ኮንዶሚኒየም ኖራችሁ ከሆነ የዚህን ጥያቄ ክብደት ታውቃላችሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሕንፃ ከጋራው ቧንቧ ላይ በድብቅ ፓምፕ ገጥሞ ወደ ራሱ ሮቶ የሚስብ ጎረቤት ሌባ ነው፤ ሌባም ብቻ ሳይሆን የሕፃናትን ውሃ የሚጠጣ ሌባ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ፣ ወፍራም እንቅስቃሴ እየተሰማ ነው። "ሙዚቃ ነው ጋሼ" አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ። እኔን አዩኝ፣ ስፒከሩን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩኝ። በሥራ ዘመናቸው ብዙ የሐሰት ደረሰኝ አልፎባቸዋል።

በማግስቱ ሰንበት፣ ሙዚቃው ሃያኛ ደቂቃው ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ድምፁ ቀጥ አለ። ወዲያው ከታች በመስኮት በኩል የጋሼ ድምፅ መጣ፤ "ይኸው! አላልኩም? በመብራት ነው የሚሠራው!"

ለዚህ ምን ይመለሳል? እውነት በመብራት ነው የሚሠራው።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን አማቴ ናቸው። ዐቢይ ጾም ስለነበር ሬዲዮኑ በጠዋትም በማታም በገና ያሰማል፤ ጆሯቸው በዚያ ድምፅ ተሞልቷል። አንድ ቀን ጥጥ እየፈተሉ አጠገቤ ተቀምጠው ረጅሙን ሙዚቃ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና፣ "ይሄ በገና ነው?" አሉኝ።

"አይደለም እማማ።"

"ነው እንጂ። ንዝረቱ የበገና ነው። ደርዳሪው የት ሄዶ ነው?"

ከዚህ የተሻለ ሒስ በማንም ፈረንጅ መጽሔት ላይ አላነበብኩም። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ከበግ አንጀት የሚሠራ ነው። አውታሩ ብርኩማው ላይ ሲያርፍ በመካከላቸው እንዝራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች። ያች ቆዳ ከሌለች በገና ድምፁ ክራር ቢጤ ነው፤ እሷ ስትገባ ነው አውታሩ እየተንቀጠቀጠ ቆዳዋን እየነካ ያንን ደረት ውስጥ የሚገባ ዝዝዝታ የሚያወጣው። ደርዳሪዎች እንዝራዋን ወደፊት ወደኋላ እያሉ ቦታዋን ሲፈልጉ የሚፈጁት ጊዜ አንዳንዴ ከመዝሙሩ ይረዝማል። "ኢትዮፒክስ" በሚባለው የአልበም ተከታታይ 11ኛው ቅጽ ላይ የዓለሙ አጋን በገና ከፍታችሁ ስሙ፤ ቃሉን ለአንድ አፍታ ተዉትና ዝዝዝታውን ብቻ ተከተሉ። ሕንዶችም ታንፑራ በሚባለው መሣሪያቸው ላይ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የጥጥ ክር ያስገባሉ፤ ለዚያው ዝዝዝታ። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ላ ሞንት ያንግ ከሕንዳዊው መምህር ከፓንዲት ፕራን ናት እግር ሥር ተቀምጦ የተማረው በታንፑራ ጥላ ነው፤ ኒው ዮርክ ቸርች ጎዳና ላይም ረጅሙ ድምፅ ሳያቋርጥ የሚሰማበት ቤት ከባለቤቱ ከማሪያን ዛዚላ ጋር ከፍቷል። አንዱ በቆዳ፣ አንዱ በጥጥ፣ አንዱ በኤሌክትሪክ። ማንም ከማን አልሰረቀም፤ ንጹሕ አውታር ብቻውን እንደማይበቃ ግን ሁሉም ደርሰውበታል።

የአማቴ ቅሬታ ታዲያ ትክክል ነው። በገናው ዝዝዝ የሚለው ቃሉን ተሸክሞ ነው፤ ስለ ሞት፣ ስለ ንስሐ፣ ስለዚህ ዓለም ከንቱነት የሚነገር አለ። ራዲግ ዝዝዝታውን አስቀርታ ቃሉን አሰናበተችው። አማቴ ጥጣቸውን እየፈተሉ ቃሉን ይጠብቃሉ። ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ፣ አርባኛው ደቂቃ ላይ፣ "አሁን ሊጀምር ነው" ይላሉ። እኔ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለኝም። እሳቸው ግን በመቋሚያ ተደግፈው ማኅሌቱን ሌሊቱን ሙሉ የቆሙ ሰው ናቸው፤ አንድ ሰዓት መጠበቅ ለእሳቸው ምንም አይደለም።

ልጄ ግን ጉዳዩን በሌላ በኩል ነው የያዘችው። "መቼ ነው የሚያልቀው?" አለችኝ። አጭር መሆኑን ላሳያት ብዬ ስለ ሃልበርሽታት ነገርኳት። ሃልበርሽታት የጀርመን ከተማ ናት፤ እዚያ ባለ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በኦርጋን የሚሰማ አንድ የአሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ የጆን ኬጅ ሥራ አለ። "በተቻለ መጠን በዝግታ" ይጫወቱት ብሎ ነው የጻፈው። ሰውየው በ1992 ሞተ፤ ቀሪዎቹ ሰዎች ቃሉን አክብረው ቁጭ ብለው አሰሉት። በከተማዋ ታሪካዊው ኦርጋን በ1361 ተተክሎ ነበርና ከዚያ እስከ 2000 ያለው 639 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ሙዚቃውም 639 ዓመት ይፍጅ አሉ። በመስከረም 2001 ጀመሩት፤ በ2640 ያልቃል። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ያለው ዕረፍት ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ 17 ወራት የተሰማው የወናፉ ትንፋሽ ብቻ ነው። አሁን ድምፅ አለው፤ ቁልፎቹን ተጭኖ የሚይዘው ግን ሰው ሳይሆን ትንንሽ የአሸዋ ከረጢቶች ናቸው። ድምፁ አንዳንዴ በወራት፣ አንዳንዴ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ይለወጣል። በየካቲት 2024 አንዴ ሲለወጥ ሰው ከሩቅ ድረስ መጥቶ ነበር የተሰበሰበው።

ልጄ ጥቂት አሰበች። "ሲያልቅ እኔ ስንተኛ ክፍል እሆናለሁ?"

ወንድሟ ከወለሉ ላይ ሆኖ፣ "መብራት ቢሄድባቸውስ?" አለ። ይህን ጥያቄ ለጀርመኖቹ ብልክላቸው ደስ ባለኝ። ወናፋቸው በመብራት ነው የሚነፋው።

የራዲግን ሕይወት ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ላክል። በ1974 አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሚልስ ኮሌጅ "አድኖስ" የሚለውን ሥራዋን ስታሰማ፣ ካዳመጧት ወጣት ፈረንሳውያን አንዳንዶቹ ቀርበው ይህን ሙዚቃ የምትሠራው እሷ አለመሆኗን ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት ይባላል። ወደ ቲቤት ቡድሂዝም የመሯት እነሱ ናቸው። ሙዚቃውን እርግፍ አድርጋ ትታ ለጥቂት ዓመታት ተመሰጠች፤ መምህሯ ነው ወደ ሥራሽ ተመለሺ ብሎ የመለሳት። "ክየማ"ም የተነሣው ከቲቤት የሙታን መጽሐፍ ነው። እሱን በጨረሰች በዓመቱ፣ በ1989፣ ልጇ ኢቭ በመኪና አደጋ ሞተ። የመጀመሪያው ክፍል መታሰቢያነቱ ለእሱ ነው። "ካይላሻ"ን የሠራችው ከዚያ በኋላ ነው፤ በቲቤት የሚገኘውን የካይላሽን ተራራ በሐሳብ እየዞረች።

ይህን ለአማቴ የነገርኳቸው እንዲያው ቃል ስለሌለው ሙዚቃ ለመሟገት ነበር። እንዝርታቸውን አቆሙ።

"ልጇ ሞቶባት ነው?"

"አዎ እማማ።"

"እና ይሄን ሁሉ ጊዜ በገና ነው ስል ይሄን ሳትነግረኝ!" ብለው ተቆጡኝ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ ደርዳሪው ጠይቀው አያውቁም።

ኮሚቴው የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። የሕንፃው ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊዋ፣ ጋሼ ደብተራቸውን ይዘው፣ ከእነሱ ጀርባ ደግሞ ከታች ባለው ሱቅ ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ የሚሠራው ልጅ፣ ካቻቢቴውን ኪሱ ውስጥ ሰክቶ፣ ቴስተሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። ሊቀ መንበሩ ጉሮሮአቸውን ጠርገው "ያልተፈቀደ የውሃ መሳቢያ ስለ መኖሩ በቀረበ ጥቆማ መሠረት" ብለው ሲጀምሩ አማቴ ከተቀመጡበት እጃቸውን አነሡ።

"እባካችሁ ዝም በሉ። ልጇ የሞተባት ሴት ናት።"

ኮሚቴው ባለበት ቀጥ አለ። ከዚያ የሆነውን ማንም አበሻ ይገምተዋል። ሊቀ መንበሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጸሐፊዋ ሻሿን ወደ ፊት ጎተተች። በየተገኘው ወንበር ጫፍ ጫፉ ላይ ተቀመጡ፤ "ነፍስ ይማር" አሉ በየተራ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ አድርገው። ረጅሙ ሙዚቃ ከስፒከሩ ይወጣል። በሕይወቴ ይህን አልበም በዚያ ዓይነት ሥርዓት ሲደመጥ አላየሁም፤ በፓሪስም የሚደረግ አይመስለኝም።

ጥቂት ቆይቶ ጋሼ ወደ እኔ ዘንበል ብለው በሹክሹክታ፣ "መቼ ነው ያረፈው?" አሉኝ።

"በ1989።"

ጣቶቻቸው ጭናቸው ላይ ተንቀሳቀሱ። "የእኛ ነው የፈረንጅ?"

"የፈረንጅ።"

"ሰማንያ አንድ" አሉ ለሊቀ መንበሩ። "በደርግ ጊዜ ነው።" ሊቀ መንበሩ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ፤ በደርግ ጊዜ መሆኑ አንድ ነገር ያስረዳቸው ይመስል።

ፍሪጅ ሠሪው ብቻ አልተቀመጠም። ሳሎኑ መካከል ቆሞ ራሱን አዘንብሎ ሲሰማ ቆየ። ወደ ወጥ ቤት ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ተመለሰ። ስፒከሩ አጠገብ በርከክ አለ። ቴስተሩን አላወጣም።

"ሁለት ነው" አለ።

"ምኑ?" አለች ባለቤቴ።

"ሁለት ሞተር ነው። አንዱ ከአንዱ ትንሽ ይፈጥናል። ስሙት፣ ይቀድመዋል፣ ይደርስበታል፣ ይቀድመዋል።" በጣቱ አየሩ ላይ ሞገዱን ሣለው። ሳይስት ሣለው። "አሁን ደግሞ ሦስተኛ ገባ፤ ከታች። ቅድም አልነበረም።"

እኔ ሦስተኛውን ሰምቼው አላውቅም። አሁን ሰማሁት፤ ጣቱ በሚያሳይበት በኩል፣ ወለሉ ውስጥ እንደተቀበረ ሆኖ።

"የታችኛው ደህና ነው፣ ጤነኛ ነው" አለ። "የላይኛው ግን ኩሽኔታው አልቋል። አይቆይም።"

ሁላችንም የላይኛውን ጠበቅነው። ኮሚቴው ለቅሶውን ትቶ ጣራውን ያያል፤ ልጄ ወንድሟን እጁን ይዛዋለች። ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደና መቼ እንደ ሄደ ሳናውቅ የለም። "ሄደ" አለ ልጁ፣ ካቻቢቴውን ወደ ኪሱ ጠለቅ እያደረገ። ጋሼ ደብተራቸውን ከፈቱ፤ የሚጻፍ ነገር ግን ያጡ መሰለኝ። ፓምፕ የለም። ውሃም በዚያ ሳምንት በጭራሽ አልመጣም ነበርና የተሳበ የለም።

ቡናው ተፈልቶ፣ ቆሎው ዞሮ፣ ኮሚቴው "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎ ሲወጣ ፍሪጅ ሠሪው በሩ ላይ ቀረ።

"ሒሳብ?" አለ ለባለቤቴ።

"የምን ሒሳብ? ምን ሠራህ?"

"እህቴ፣ ብልሽት ባይገኝም መፈተሻ ይከፈላል። ሌላ ቤት አምስት ደቂቃ ነው የምሰማው። እዚህ ሙሉ ሰዓት ነው የቆምኩት።"

ባለቤቴ ወደ ኮሚቴው ዞረች፤ የጠራው ኮሚቴው ነው፣ ኮሚቴው ይክፈል። ጋሼ ከደረጃው ላይ ሆነው ለጋራ መብራትና ለጥበቃ ከሚዋጣው ለዚህ ዓይነት ነገር ወጪ ማድረግ እንደማይቻል አስረዱ፤ የሚመዘገብበት አርእስት የለም። ሊቀ መንበሩ ለቅሶ ቤት ስለ ገንዘብ አይወራም አሉ። በመጨረሻ እኔ ኪሴ ገባሁ። ልጁ ብሩን ቆጥሮ ሊሄድ ሲል አማቴ ከሶፋው ተጣሩ።

"ልጄ፣ ሁለት ክፍል ይቀረዋል እኮ።"

ቆም ብሎ አሰላ። "በአንድ ቀን ካደረጋችሁት እቀንሳለሁ" አለ።